ጀጎልን ለማየት ከጊድር መጋላ ይጀመር

ሐረር የሚደርስ እንግዳ ጉብኝቱ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መገመት ይቻላል። በመኪና እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይገባል፤ የራምቦ ቤት የሚባለውን ባለ ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ያያል፤ ከዚያ በራስ ተፈሪ መኖሪያ ወደሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ይሻገራል፤ ምሳውን በልቶ ያርፍና ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲያበላ ፎቶ ይነሣል። በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ገበያውንና ባለ ቀለም ግድግዳዎቹን አላየም አይባልም፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲያልፍ እግረ መንገዱን አይቷቸዋል። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው። በግንብ በተከበበችው በአሮጌዋ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ዋናዎቹ ገበያውና ግድግዳው ናቸው፤ ሙዚየሙና ሌላው ሁሉ የእነሱ ማብራሪያ ነው። ሁለቱ ደግሞ ሰሌዳ ተለጥፎባቸው፣ ቲኬት ተቆርጦላቸው የሚታዩ ስላልሆኑ፣ የሚያውቅ ሰው ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ በእግር ለሚሄድ ካልሆነ አይገለጡም። በአስጎብኚ የሚደረግ የእግር ጉዞ ለውጭ አገር ቱሪስት የተፈጠረ ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። በሐረር ግን ከተማዋን በደንብ ለማየት ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ ነው። ሐረር ከደጋውና ከቆላው መገናኛ ላይ የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት። ከዘይላዕ ወደብ የሚመጣው ጨርቅና ሸቀጥ ወደ መሀል አገር የሚወጣው፣ ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ወደ ባሕር የሚወርደው በእሷ በኩል ነበር። አሚሮቿ የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ እንደነበር ዛሬም በሙዚየም ያለው ስብስብ ይመሰክራል፤ ገንዘብ የሚያስመታ ከተማ ደግሞ የሚገዛና የሚሸጥ ያለው ከተማ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስለ 82 መስጊዶቿና አዋች ስለሚባሉት 102 የቅዱሳን መቃብሮቿ ብቻ አላወራም፤ በባሕር ጠረፍና በመሀል አገር መካከል ለዘመናት የነበራትን የንግድ ድርሻም አንሥቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ 48 ሄክታር ያህል ቦታ ይከባል። አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ማለትም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ ወደተለያየ አገር የሚወጡ መንገዶች መነሻ ናቸው። ስድስተኛው፣ ሐረር በር፣ ለመኪና ሲባል በኋላ የተከፈተ ነው። ግንቡ ለመከላከያ የተሠራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ማታ የሚዘጋ ጠዋት የሚከፈት በር ጠላትን እንደሚያግድ ሁሉ ማን ምን ይዞ እንደገባም ይቆጣጠራል። ከበሮቹ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ ሰው እየተጠማዘዘም ቢሆን መጨረሻው መስጊዱና ገበያው ወዳሉበት መሀል ከተማ ነው። እንግዲህ እንዲህ የተሠራ ከተማ ከየት ተጀምሮ መጎብኘት እንዳለበት ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ማስረጃ ትንሽ ያስቃል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ግጥም መጻፍ ትቶ ነበር፤ የመጣውም በኤደን ለሚነግድ ፈረንሳዊ ድርጅት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ሐረርም በግብፆች እጅ ነበረች። ሰውየው ሄደ፣ ተመለሰ፣ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ አቀረበ፤ በሽታ ይዞት አገሩ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ግን አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ የተሠራውም ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ቤቱ አይታይ አልልም። ባለ ቀለም መስተዋቶቹና የእንጨት ሥራው ያምራሉ፣ የድሮ የሐረር ፎቶግራፎች ተሰቅለውበታል፣ ከላይ ሲወጡም ከተማዋ ወለል ብላ ትታያለች። ግን ነገሩን ልብ ይሏል፤ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚገባው ራምቦ ወዳልኖረበት ቤት ነው፤ በነጻ የሚያልፈው ደግሞ ራምቦ እንጀራውን የጋገረበትን ገበያ ነው። ቤቱን የህንድ ነጋዴዎች ቤት ብለው ቢያሳዩት እንኳ ታሪኩ ይበልጥ ይሰምር ነበር፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በረንዳ ያላቸውን የእንጨት ፎቆች ወደ ሐረር ያመጡት እነዚያ ነጋዴዎች ናቸውና። ያም ቢሆን ወደ ገበያው ይመልሰናል።

የጀጎል ዋና ገበያ በሆነው በጊድር መጋላ ላይ አስጎብኚው ምን ሊያሳይ ይችላል? ጠዋት ከዙሪያው ገጠር የኦሮሞ እናቶች ማገዶውን፣ አትክልቱን፣ ወተቱን ይዘው በየበሩ ይገባሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። በሱቁና በመደቡ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አርጎባው አለ። አንዲት ሻጭ በአንድ ረፋድ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ ዋጋ ስትቆርጥ መስማት ብርቅ አይደለም። ለማያውቅ ሰው ይህ ጫጫታ ነው። የሚያውቅ ሰው ግን ከእርዱ፣ ከከሙኑ፣ ከቀረፋውና ከሄሉ መካከል የአብሹን ክምር ያሳይና ሐረሪዎች ሁልባት መረቅ የሚሉት ወጥ ከዚያ እንደሚጀምር ይነግራል። ለውዙ ከባቢሌ እንደመጣ፣ ዕጣኑ ከሶማሌ ቆላ እንደመጣ ያስረዳል። ወደ ቡናው ሲደርስ ደግሞ ረዘም አድርጎ ሊቆም ይገባል። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ቡና ነው፤ በዓለም ገበያ የታወቀበትም ጣዕም በአብዛኛው ከዚሁ የመጣ ነው። ፍሬው ተፈልፍሎ ወደ ውጭ ሲሄድ ገለባው አይጣልም፤ ከወተት ጋር ፈልቶ ሆጃ ይሆናል። ቅጠሉም ደርቆ፣ ታምሶ ቁጢ ሆኖ ይጠጣል። የቡና አገር ሰው ከቡናው ለራሱ ምን እንደሚያስቀር፣ ለገበያ ምን እንደሚያወጣ የሚገልጥ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየትኛውም ሙዚየም አይገኝም። ዋጋውም አንድ ስኒ ሆጃ ነው።

ከዚያ ሥጋ ተራው አለ። የግመል ሥጋ ለደጋ ሰው እንግዳ ነው፤ እዚህ ግን የዕለት ምግብ ነው፤ መኖሩም ከተማዋ ከቆላው አርብቶ አደር ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረች ያሳያል። ጭላቶቹ ከጣሪያው ጫፍ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሥጋውን ሳይሸፍን የወጣ ሰው በአየር ላይ ይነጠቃል። ጎብኚዎች ይህን በጣም ይወዱታል፤ አንዳንድ አስጎብኚም ከሥጋ ተራው ሌላ የሚያሳየው የሌለ ይመስል እዚያው ያቆማቸዋል። ጭላቱ ትርኢት ነው፣ ይታይ፤ ግን ከአብሹና ከቡና ገለባው ሊበልጥ አይገባም።

ከጊድር መጋላ ወደ ፈረስ መጋላ የሚያወጣው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው፤ ጨርቅ ገዝቶ እዚያው ለክቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ሲመለስ የተሰፋ ልብስ መውሰድ የተለመደ ነው። ፈረስ መጋላ ሲወጡ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ ሥር ስትገባ፣ ራስ መኮንን ያሠሩት በግብፆች ዘመን መስጊድ በነበረበት ስፍራ ነው። አስጎብኚ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን መዝለል ይቻላል፤ አንዱን ወገን ለማስደሰት አጣምሞ መናገርም ይቻላል። ሁለቱንም ትቶ የሆነውን እንደሆነ የሚናገር ሰው ያገኘ ጎብኚ ዕድለኛ ነው።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። ጀጎል ውስጥ ኡጋ የሚባሉት ቀጫጭን መንገዶች 368 ናቸው እየተባለ ይጠቀሳል። ቤቶቹ ወደ ግቢያቸው የዞሩ ስለሆኑ ለመንገደኛው የሚሰጡት ጀርባቸውን ነው፤ መስኮት የሌለው ረጅም ግድግዳና አንድ በር። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ አንዳንዴም ከታች አንድ ቀለም ከላይ ሌላ ተደርጎ የሚቀባው ይኸው ጀርባ ነው። መሠረቱ የኖራ ልስን ነበር፤ አሁን የፋብሪካ ቀለም ተጨምሮበታል። ረመዳን ሲገባ፣ ዒድ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲኖር ይታደሳል። ከዒዱ በኋላ ባለው የሸዋል ጾም ፍጻሜ የሚከበረውና በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው ሹዋሊድ ሲመጣም ከተማዋ ለብሳ ትጠብቃለች። ስለዚህ ግድግዳው የቤተሰቡን ዓመት ይመዘግባል። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ያለፈው ዓመት ቀለም፣ ከሥሩም ከዚያ በፊት የነበረው፣ ከሁሉም በታች ድንጋዩ ይታያል። በቅርብ የታደሰ በር ካለ እዚያ ቤት ደስታ ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። በፎቶግራፍ ብቻ የሚመለከተው እንግዳ የሚያየው ውብ ቀለም ነው፤ የቀለሙን ምክንያት የሚነግረው ግን አብሮት የሚሄደው ሰው ነው።

ይህ የመንገድ ሥዕል ሊባል ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዛሬ በዓለም ከተሞች የመንገድ ሥዕል ሲባል የሚታሰበው ሰዓሊ በሚረጭ ቀለም የሚሠራው ትልቅ ምስል ነው። ገበያንና እንዲህ ያለ ሥዕልን አንድ ላይ አድርጎ በእግር ማስጎብኘት በብዙ ጥንታዊ ከተሞች የተለመደ ሥራ ሆኗል። በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች የኢየሩሳሌሙን የማሐኔ ይሁዳ ገበያ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሰሎሞን ሱዛ የተባለ ወጣት ሰዓሊ ከመቶ በሚበልጡ የሱቅ ብረት መዝጊያዎች ላይ የታዋቂ ሰዎችን መልክ ሥሏል። እዚያ ሥዕሉ የሚታየው ሱቁ ሲዘጋ፣ ማታና በሰንበት ነው፤ ገበያውና ሥዕሉ እየተፈራረቁ ይታያሉ። የሐረር ግድግዳ የአንድ ሰዓሊ ስም የለበትም፤ ምስልም አይሣልበትም፤ የሚያስውበው የቤቱ ሰው ነው። በእኔ ግምት ይህ ከመንገድ ሥዕል አያሳንሰውም። ለመንገደኛው ተብሎ፣ በመንገደኛው ፊት፣ በየዓመቱ እየታደሰ የሚሠራ ጥበብ ነው፤ ገበያውም ሳይዘጋ አብሮ ይታያል። ሰዓሊ ተጋብዞ በጀጎል ግድግዳ ላይ የአሚሮችን መልክ ይሣል የሚል ሐሳብ ቢመጣ የሚከስረው ነባሩ ጥበብ ነው።

የውጪው ግድግዳ የሚጠናቀቀው በውስጠኛው ነው። ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪዎች ቤት ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ተብሎ ይነገራል። በግድግዳው ላይ የሐረሪ ሴቶች የሠሩት ስፌት፣ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ ይደረደራል። አንዳንድ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለእንግዳ ከፍተዋል፤ የሚያሳድሩም አሉ። ገበያ ላይ ስፌቱን ያየ ሰው እዚህ ቦታውን ያየዋል። ከዚህ በኋላ ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ቢገባ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቡት ሳንቲም፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ልብስና ጌጥ ሁሉ ባለቤቱን ያገኛል። ከሙዚየሙ ለጀመረ ሰው ግን እነዚያው ዕቃዎች የተደረደሩ ዕቃዎች ብቻ ናቸው።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም። ከሁሉ የሚከብደው ገበያ ትርኢት አይደለም የሚለው ነው። ማገዶ ተሸክማ 10 ኪሎ ሜትር የተጓዘች እናት ካሜራ የተሸከሙ 15 ሰዎች ሲከቧት ሥራዋም ክብሯም ይነካል። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም ጉብኝቱን መተው ሳይሆን ማሳነስ ነው። ከአምስት ስድስት ሰው በላይ ሆኖ ወደ ጊድር መጋላ መግባት ሊፈቀድ አይገባም። ጥሩ አስጎብኚ ሻጮቹን በስማቸው ያውቃል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ እንግዳው እንዲገዛ ያደርጋል፣ ሳያስፈቅድ ፎቶ የሚያነሣውንም ያስቆማል። አስጎብኚ የሌለው ጎብኚ ገበያውን አይተወውም፤ ያለ ልጓም ይገባበታል እንጂ። ስለዚህ ሻጯን ከካሜራ የሚጠብቃት የአስጎብኚው መኖር ነው፤ ይህንን ግን ሥራው አድርጎ ከያዘው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከአገር ውስጥ ጎብኚ ይመጣል። ቋንቋው አማርኛ፣ አገሩ አገሬ፣ ለምን ለአስጎብኚ እከፍላለሁ? ደግሞስ የሚያወሩት ግማሹ ተረት አይደለም ወይ? ተረቱ እንዳለ አልክድም። በጣም ጠባብ በሆነው ኡጋ የተጣሉ ሰዎች ሲገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ ስለማይችሉ ይታረቃሉ የሚለውን ወግ የማይናገር አስጎብኚ የለም። ወጉ ያምራል፤ ወግ መሆኑን ጨምሮ መናገር ግን ግዴታ ነው። የራምቦን ቤት የራምቦ ቤት ብሎ የሚያልፍም ከዚሁ ይመደባል። ይህ የሚያሳየው ግን አስጎብኚነት የሚማሩትና የሚፈተኑበት ሙያ መሆን እንዳለበት ነው። ፈቃድ፣ ባጅ፣ በየጊዜው የሚታደስ ሥልጠና የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። የአገር ልጅ አያስፈልገኝም ማለቱም አያስኬድም። አማርኛ ማወቅ የቡና ገለባ ለምን በኪሎ እንደሚሸጥ አይነግርም፤ የሐረሪ ቤት ምን እንደሚመስልም ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ቤት ተነሥቶ መገመት አይቻልም። እንዲያውም ጎብኚው አገሬ ነው ብሎ የሚያስበው ቦታ ላይ ነው ሳይጠይቅ የሚያልፈው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ መመለስ አልችልም። ቱሪስት የበዛበት ገበያ ቀስ በቀስ የቱሪስት ገበያ ይሆናል። በማሐኔ ይሁዳ የሆነው ይህ ነው፤ ሥዕሉና የምሽቱ ሕይወት ሲደምቅ አትክልትና ቅመም ይሸጡ የነበሩ ሱቆች ወደ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ተለወጡ፤ ነባር ነጋዴዎችም ቅር አላቸው። ጊድር መጋላ ከዚህ ሩቅ ነው፤ የሚያሰጋው ሌላ ነው። በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት ሐረርም ደርሷል። ንጹሕ መንገድና የተስተካከለ ፍሳሽ ለነዋሪው ይጠቅማል፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን መደብ ላይ የምትሸጠው ሴት ለውበት ተብላ ከመሀል ከተማ ከተነሣች፣ ወይም ግድግዳው በአንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ የሚል ትእዛዝ ከወጣ፣ ለጎብኚ ተብሎ የሚደረገው ማስዋብ ጎብኚው የመጣበትን ነገር ያጠፋዋል። ገበያውና ግድግዳው ቅርስ ተብለው በጉብኝቱ ፊት ሲቀመጡ ቢያንስ የሚነካቸው ሰው ሊጠየቅ ይችላል። እግረ መንገድ የሚታይ ነገር ጠያቂ የለውም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ማለት ይገባል። በመኪና የሚደረገው የግማሽ ቀን ጉብኝት ገቢው የሚሄደው ለመኪና፣ ለመግቢያ ቲኬትና ለሆቴል ነው። የእግር ጉዞ ገንዘብ ግን ይበተናል፤ ለሆጃ አፍይዋ፣ ለቅመም ሻጯ፣ ለሐልዋ ሠሪው፣ ለስፌት ሠሪዋ፣ ቤቷን ለከፈተችው እናት። መጠኑ ለእያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ የሚደርሰው ግን ግድግዳውን ቀብታ፣ መደቡን ዘርግታ ከተማዋን ለምታቆማት ሴት ነው። አስጎብኚው ከሱቅ የሚቀበለው ኮሚሽን ይህን ያበላሻል፤ መንገዱ ኮሚሽን ወደሚከፍለው ሱቅ ይጠመዘዛልና። ስለዚህ የአስጎብኚው ዋጋ ለኑሮው የሚበቃና በግልጽ የታወቀ መሆን አለበት።

ሐረር የሚሄዱ ከሆነ ለጀጎል አንድ ሙሉ ረፋድ ይመድቡ። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት የበርጫ ጊዜ ነው፤ ገበያው ይቀዘቅዛል። ባጅ ያለው አስጎብኚ ይያዙ፣ ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት ይስማሙ፣ መኪናውንም ከግንቡ ውጭ ያቁሙ። ሰው ፎቶ ሲያነሡ ያስፈቅዱ። ከጊድር መጋላ ሲወጡም ሆጃ ሳይጠጡ፣ ከመደብም አንድ ነገር ሳይገዙ አይውጡ።